ሰባቱ የሳራቶቭ ደብተሮች፦ የመሐንዲሱ የፖንስሌ ሕይወት

በእኛ በምሕንድስና ተማሪዎች መካከል ከዓመት ዓመት የማይሞት አንድ ክርክር አለ። አንዱ ወገን ለፈተና ከሚያስፈልገው አልፎ የከፍተኛ ሒሳብ መጽሐፍ ተሸክሞ የሚዞረውን ጓደኛውን እያየ ይስቃል፤ ይህ ነገር ለድልድይ ምን ይሠራል፣ ለቧንቧስ ምን ይጠቅማል እያለ ይጠይቀዋል። ሁለተኛው ወገን መልስ አጥቶ ያፍራል፤ እውነቱን ለመናገር መጽሐፉን የያዘው ስለሚጠቅመው ሳይሆን ስለሚጥመው ነውና። እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ። ስለዚህ የዚህን ሰው ታሪክ የምጽፈው ገለልተኛ ዳኛ ሆኜ አይደለም፤ አንባቢ ይህን አስቀድሞ ይወቅልኝ።

ሰውየው ዣን ቪክቶር ፖንስሌ ይባላል። ፈረንሳዊ፣ ወታደርና መሐንዲስ ነበረ። ስለ ውኃ ኀይል የሚማሩ ሰዎች ስሙን በውኃ መንኰራኵር ያውቁታል፤ ጂኦሜትሪ የሚማሩት ደግሞ በሌላ ነገር ያውቁታል፤ ሁለቱ ወገኖች የሚናገሩት ስለ አንድ ሰው መሆኑን ግን ብዙ ጊዜ ልብ አይሉም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ፖንስሌ ጁላይ 1 ቀን 1788 ዓ.ም. በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ በምትገኘው በሜትስ ከተማ ተወለደ። አባቱ ባለጸጋ የሕግ ሰው ነበር፤ ነገር ግን ወላጆቹ በሕግ የተጋቡ ስላልነበሩ ሕፃኑ ሴንት አቮልድ በምትባል ትንሽ ከተማ ለሚኖሩ ቤተሰብ ተሰጥቶ በእነርሱ እጅ አደገ። ወደ ሜትስ የተመለሰው በ1804 ዓ.ም. ነው፤ ዕድሜው ያን ጊዜ 16 ዓመት ገደማ ነበር። ከትንሽ ከተማ መጥቶ ከትልቅ ከተማ ልጆች ጋር በአንድ ወንበር መቀመጥ ምን እንደሚመስል ከመካከላችን የሚያውቀው ብዙ ነው። ፖንስሌ በሦስት ዓመት ውስጥ ከኋላ ተነሥቶ፣ በ1807 ዓ.ም. ፓሪስ በሚገኘው በኤኮል ፖሊቴክኒክ ለመግባት የሚሰጠውን ፈተና አለፈ።

ስለዚህ ትምህርት ቤት ጥቂት መናገር ይገባል፤ የእኛ ክርክር የተጀመረው እዚያ ነው ለማለት ይቻላልና። ኤኮል ፖሊቴክኒክ የተቋቋመው በፈረንሳይ አብዮት ዘመን፣ በ1794 ዓ.ም. ነው። አገሪቱ ምሽግ የሚሠራ፣ መድፍ የሚያስተካክል፣ መንገድና ድልድይ የሚዘረጋ ሰው በጣም ቸግሯት ነበር። እንዲህ ያለ ችግር የያዘው መንግሥት ተማሪውን ወዲያውኑ አካፋና ገመድ አስይዞ ወደ ሥራ ይልከዋል ብሎ መጠበቅ ይቻላል። የሆነው ግን ሌላ ነው። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ሁለት ዓመት በአገሪቱ ካሉት ታላላቅ ሊቃውንት ዘንድ ከፍተኛ ሒሳብ፣ መካኒክስና ኬሚስትሪ እንዲማሩ፣ ከዚያም በኋላ ብቻ ወደየሙያው ትምህርት ቤት እንዲሄዱ ተደረገ። ላግራንዥ እዚያ አስተምሯል። ጋስፓር ሞንዥም እዚያ አስተምሯል። ይህ ሞንዥ ማለት አንድን ዕቃ ከላይና ከፊት አይቶ በሁለት ሥዕል የመግለጥን ጥበብ ሥርዐት ያስያዘ ሰው ነው፤ በሥዕል ክፍል ቆመን እስኪመሽ ድረስ የምንደክምበት ነገር የእርሱ ልጅ ነው። ተማሪዎቹ ሞንዥን እጅግ ይወዱት ነበር።

ፖንስሌም ከእነዚያ ወዳጆች አንዱ ሆነ። በዚያው ትምህርት ቤት ቀድሞት የገባው ብሪያንሾን በ1806 ዓ.ም. ገና ተማሪ ሳለ ስሙን እስከ ዛሬ የሚያስጠራ የጂኦሜትሪ ቴዎረም አግኝቶ ነበር። ተማሪ ሆኖ አዲስ ነገር ማግኘት እንደሚቻል ያ ልጅ አሳይቷል፤ በትምህርት ቤት ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚያቃጥል እሳት የለም። ሌላው ፖንስሌን የማረከው ላዛር ካርኖ የጻፈው የጂኦሜትሪ መጽሐፍ ነው። ካርኖ ራሱ የምሕንድስና መኰንን ነበር፤ በ1783 ዓ.ም. ስለ መኪናዎች፣ በ1803 ዓ.ም. ስለ ጂኦሜትሪ የጻፈ ሰው ነው። ይህን ስም ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ጤናው እየታወከ ስላስቸገረው ፖንስሌ በኤኮል ፖሊቴክኒክ ሁለት ሳይሆን ሦስት ዓመት ቆየ። በ1810 ዓ.ም. ወጥቶ በትውልድ ከተማው በሜትስ ወደሚገኘው የጦር ምሕንድስናና የመድፍ ትምህርት ቤት ገባ። በ1812 ዓ.ም. መጀመሪያ ትምህርቱን ጨርሶ፣ መቶ አለቃ ሆኖ በኔዘርላንድ ጠረፍ በምትገኘው በቫልኸረን ደሴት ምሽግ እንዲያሠራ ተላከ። ገና ሥራውን ሳያጣጥም በዚያው ዓመት ጁን ወር ናፖሊዮን ሩሲያን ለመውረር ተነሣ፤ መቶ አለቃውም የምሕንድስና ክፍል ባልደረባ ሆኖ ከታላቁ ጦር ጋር ወደ ምሥራቅ ዘመተ።

የዚህ ዘመቻ ፍጻሜ የታወቀ ስለ ሆነ አላበዛውም። ጦሩ ሞስኮ ገባ፤ ከተማዋ ተቃጠለች፤ ክረምቱም መጣ። በማፈግፈጉ ላይ፣ ኖቬምበር 18 ቀን 1812 ዓ.ም. ክራስኖይ በተባለው ስፍራ በተደረገው ውጊያ ፖንስሌ ሞቷል ተብሎ ከሬሳ መካከል ተጥሎ ቀረ። ሩሲያውያን አገኙት፤ በሕይወት መኖሩን አይተው ማረኩት። ዕድሜው 24 ዓመት ነበር።

ምርኮኞቹ ከዚያ ተነሥተው በቮልጋ ወንዝ ዳር እስከምትገኘው እስከ ሳራቶቭ ድረስ በእግራቸው ተነዱ። ርቀቱ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ወሩ የሩሲያ ክረምት የሚጸናበት ነበር፤ ልብሳቸውም በጦርነቱ ያለቀ ነው። ብዙዎች በመንገድ ቀሩ። ፖንስሌ ሳራቶቭ የደረሰው በማርች 1813 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ ይህን ወጣት እናስበው። ከአገሩ እጅግ ርቋል፤ መቼ እንደሚፈታ አያውቅም፤ አለቃም ሥራም የለውም። መጽሐፍ ደግሞ አንድ ስንኳ የለውም። ጸደይ ገብቶ ሰውነቱ ሲጠነክር፣ ከመሞቱ የሚያድነው አንድ የአእምሮ ሥራ ፈለገና ወደ ተማሪ ቤቱ ሒሳብ ተመለሰ። ባዶ መጋዘን አገኘ። በኤኮል ፖሊቴክኒክ ከሞንዥና ከካርኖ መጻሕፍት የቀሰመው ሁሉ፣ ረጃጅሙ ቀመር፣ ለፈተና ያጠናው ዝርዝር፣ በጦርነቱና በመንገዱ ተራግፎ ጠፍቷል። የቀረው መሠረቱ ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንባቢውን አንድ ነገር ልጠይቅ። ዛሬ ማታ መጽሐፋችንንና ደብተራችንን ሁሉ ተቀምተን፣ አራት ወር በብርድ ተነድተን ከዚያ በኋላ ብራና ቢሰጠን ምን እንጽፍበታለን? እኔ ራሴን መርምሬ ያገኘሁትን መልስ እዚህ ላይ ባላወጣው ይሻላል። ባለፈው ሴሚስተር ጥሩ ውጤት ያመጣሁበትን ትምህርት እንኳ ግማሹን ማስታወስ አልቻልኩም።

ፖንስሌ የቀረውን መሠረት ይዞ እንደ ገና መገንባት ጀመረ። ቀመር ሲያጣ ቀመሩ የወጣበትን ምክንያት ፈለገ፤ ምክንያቱን ሲያገኝ ቀመሩ ተከትሎ መጣ። ከአልጀብራና ከጂኦሜትሪ ተነሥቶ ወደ ላይ እየወጣ፣ የሚያውቀውን ሁሉ በራሱ መንገድ እንደ ገና ጻፈው። አብረውት ለነበሩት ምርኮኞችም ያስተምር ነበር። ከዚያም የታወቀው መንገድ የሚያልቅበት ቦታ ሲደርስ አልቆመም፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ማንም ያልረገጠው አገር ነበር።

ያ አገር ምን እንደሚመስል በአጭሩ ልግለጥ። አንድ ክብ ሽቦ በመብራትና በግድግዳ መካከል እንያዝ። ሽቦውን ስናዘነብለው በግድግዳው ላይ ያለው ጥላ ክብነቱን ይተዋል፤ ረዘም ያለ እንቍላል መሳይ ኤሊፕስ ይሆናል፤ አብዝተን ስናዘነብለው ደግሞ አንደኛው ጫፉ ማለቂያ ወደሌለው ርቀት ሸሽቶ ፓራቦላ ይሆናል። ርዝመቱ ተለውጧል፤ ማእዘኑም ተለውጧል። ያልተለወጠ ነገር አለን? አለ። ቀጥ ያለ መስመር ጥላው ቀጥ ያለ መስመር ነው። ክቡን ነክቶ የሚያልፍ መስመር፣ ጥላውም የክቡን ጥላ ነክቶ ያልፋል። በአንድ ነጥብ የሚገናኙ ሦስት መስመሮች በጥላውም ይገናኛሉ። ፖንስሌ የጠየቀው ጥያቄ ይህ ነው፤ ነገር ሁሉ ወደ ጥላ ሲለወጥ ምን ይጠፋል፣ ምንስ ይቀራል? የሚቀረውን ካወቅን፣ ስለ ኤሊፕስ የቸገረንን ጥያቄ ወደ ክብ መልሰን በቀላሉ እንፈታዋለን፤ መልሱንም በጥላው ወደ ኤሊፕስ እንመልሳለን ማለት ነው።

ሳራቶቭ ላይ ካገኛቸው ነገሮች አንዱን አንባቢ በገዛ እጁ እንዲሞክረው እፈልጋለሁ። በዚህ በሚባዛ መጽሔት ላይ ሥዕል ማውጣት አስቸጋሪ ስለ ሆነ ሥራውን ለእናንተ ትቼዋለሁ። ሬዲየሱ 9 ሴንቲ ሜትር የሆነ ትልቅ ክብ ሳሉ። ከማእከሉ 3 ሴንቲ ሜትር ርቃችሁ ሌላ ማእከል ምልክት አድርጉና በእርሱ ላይ ሬዲየሱ 4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ትንሽ ክብ በውስጡ ሳሉ። አሁን ከትልቁ ክብ ላይ ደስ ያላችሁን ነጥብ ምረጡ። ከዚያ ተነሥታችሁ ትንሹን ክብ እንዲነካ አድርጋችሁ ትልቁን ክብ እስክታገኙ ድረስ መስመር አስምሩ። ከደረሳችሁበት ነጥብ እንደ ገና በሌላው በኩል ትንሹን ክብ ነክታችሁ እለፉ። ሦስተኛው መስመር ወደ ተነሣችሁበት ነጥብ ይመልሳችኋል፤ ሦስት ማእዘን ተዘጋ ማለት ነው። አጋጣሚ ነው ካላችሁ ሌላ መነሻ ነጥብ ምረጡ። ደግሞም ይዘጋል። ከየትም ብትነሡ ይዘጋል።

ለሦስት ማእዘን ይህ ነገር ከፖንስሌ በፊት ይታወቅ ነበር፤ 9ና 4 እና 3 የመረጥኩትም እንዲያው አይደለም። የማእከሎቹ ርቀት በራሱ ሲባዛ፣ ትልቁ ሬዲየስ ከእርሱ ላይ የትንሹ እጥፍ ተቀንሶ በሚቀረው ሲባዛ ከሚገኘው ጋር እኩል መሆን አለበት፤ 9 ጊዜ 1 ማለት 9 ነው፣ 3 ጊዜ 3ም 9 ነው። የፖንስሌ ግኝት ግን ከዚህ እጅግ ይሰፋል። ሁለቱ ክቦች ክብ መሆናቸው ቀርቶ ሁለት ኤሊፕሶች ቢሆኑ፣ ቅርጹም ሦስት ማእዘን ሳይሆን አምስት ወይም ዐሥራ ሰባት ማእዘን ቢሆን፣ ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ አንድ ጊዜ ከተዘጋ ከየትኛውም ነጥብ ተነሥቶ በዚያው ቍጥር ይዘጋል። አንድ ጊዜ ካልተዘጋም ከሌላ ነጥብ ቢነሡ በዚያ ቍጥር አይዘጋም። የሒሳብ ሊቃውንት ይህን ቴዎረም እስከ ዛሬ ድረስ እየተመለሱ ያዩታል። የተገኘው በአንድ የ25 ዓመት ምርኮኛ መሐንዲስ ነው። ለምን ይጠቅማል ብሎ የጠየቀው ሰው በአጠገቡ አልነበረም።

በጁን 1814 ዓ.ም. ሰላም ስለ ወረደ ፖንስሌ ተፈታ፤ በሴፕቴምበርም ሜትስ ገባ። ከሩሲያ ይዞ የመጣው ሰባት የእጅ ጽሑፍ ደብተር ነበር። ሩሲያውያን ነጋዴዎች ሒሳባቸውን የሚያሰሉበትን፣ በሽቦ ላይ ጨሌ የተሰካበትን መቍጠሪያም ወደ ሜትስ አምጥቶ በሕፃናት ትምህርት ቤት እንዲገባ አድርጓል ይባላል።

ከዚህ በኋላ ያለው ዐሥር ዓመት የተለመደ የመንግሥት መሐንዲስ ኑሮ ነው። ሻምበል ፖንስሌ በሜትስ ምሽግ ይሠራል፣ ካርታ ያነሣል፣ የጦር ዕቃ ማምረቻውን ይቈጣጠራል። ክብደቱ እየተለዋወጠ የሚያመዛዝነው አዲስ ዓይነት ተነሺ ድልድይም ሠርቷል። ጂኦሜትሪውን የሚሠራው ከሥራ ሰዓት በተረፈ ጊዜ ነበር።

በ1820 ዓ.ም. የደብተሮቹን ፍሬ ነገር አዘጋጅቶ ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ አቀረበ። ከመረመሩት ሰዎች ዋነኛው ኦጉስታን ኮሺ ነበር። ፖንስሌ በጽሑፉ ውስጥ በአንድ ደፋር መርሕ ይሠራ ነበር፤ ይኸውም አንድ ቅርጽ ቀስ በቀስ ቢለወጥ፣ በመጀመሪያው ሁኔታ እውነት የነበረው ነገር በኋለኛውም እውነት ሆኖ ይቀጥላል የሚል ነው። ሁለት ክቦች ሲቈራረጡ በሁለት ነጥብ ይገናኛሉ፤ ሲራራቁስ? ፖንስሌ በዐይን ባይታዩም አሁንም በሁለት ነጥብ ይገናኛሉ ይል ነበር። ኮሺ ይህን አልወደደውም። ውጤቶቹን አመስግኖ፣ መርሑን ግን ያልተረጋገጠ ግምት ነው ብሎ ነቀፈው፤ ያለ ጥንቃቄ ቢሠሩበት ወደ ስሕተት ያደርሳል አለ።

ፖንስሌ ይህን ነቀፋ እስከ ዕለተ ሞቱ አልረሳውም። ፓሪስ ሄዶ ኮሺን በጧት ከቤቱ ደጃፍ ላይ እንዴት እንደ ጠበቀውና መንገድ ለመንገድ እየተከተለ ሊያስረዳው እንዴት እንደ ሞከረ፣ ያም ሰው እንዴት ቸኵሎ እንዳለፈው ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ እንኳ በምሬት ጽፎታል። እኔ ግን ኮሺ ፈጽሞ ጥፋተኛ ነው ለማለት አልደፍርም። መርሑ በዚያ ጊዜ በእርግጥ ማረጋገጫ አልነበረውም። ፖንስሌ እውነቱን አይቶታል፤ ኮሺም ያየኸውን አሳየኝ ብሏል። አንድ ተማሪ በፈተና ወረቀቱ ላይ ትክክለኛውን መልስ ጽፎ መንገዱን ካልጻፈ መምህሩ ምን እንደሚያደርገው እናውቃለን።

ደግሞስ ኮሺ ማን ነበር? የምሕንድስና ተማሪ ነበር! በ1805 ዓ.ም. ኤኮል ፖሊቴክኒክ ገብቶ፣ ቀጥሎ በመንገድና ድልድይ ትምህርት ቤት ተምሮ፣ በ1810 ዓ.ም. ናፖሊዮን የጦር መርከብ ወደብ ወደሚያሠራበት ወደ ሼርቡር ተላከ። ሻንጣው ውስጥ የላፕላስ የሰማይ መካኒክስና የላግራንዥ መጽሐፍ ነበሩ። ቀን ቀን ወደቡን እያሠራ፣ ማታ ማታ ሒሳብ ይሠራ ነበር፤ ኋላም ጤናውን ሲያጣ ወደቡን ትቶ ሒሳቡን ያዘ። ዛሬ ማቴሪያል ሲሳብና ሲጨመቅ በውስጡ የሚሆነውን የምናሰላበት ትምህርት ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ እርሱ ነው። እንግዲህ በጂኦሜትሪ ምክንያት የተጣሉት ሁለቱም ከአንድ ትምህርት ቤት የወጡ መሐንዲሶች ነበሩ።

ፖንስሌ ነቀፋውን ታግሦ በ1822 ዓ.ም. ትልቁን መጽሐፉን አሳተመ። ስሙም የቅርጾችን የጥላ ጠባይ የሚመረምር መጽሐፍ እንደ ማለት ነው። ሥራው በ1813 ዓ.ም. በሩሲያ ምርኮ ውስጥ ያለ መጽሐፍና ያለ ረዳት የተጀመረ መሆኑን በመግቢያው ላይ ለአንባቢ አስታውቋል። ከመጽሐፉ ሐሳቦች አንዱ በሥዕል ጠረጴዛ ላይ ለምንደክም ሰዎች ደስ የሚል ነው። አንድ ክብ ከነማእከሉ በወረቀቱ ላይ አስቀድሞ ተስሎ ከተገኘ፣ በኮምፓስና በማስመሪያ የሚገኘውን ነጥብ ሁሉ በማስመሪያ ብቻ ማግኘት ይቻላል። ይህን ሽታይነር የተባለው የስዊስ ሰው በ1833 ዓ.ም. አሟልቶ አረጋገጠው።

እዚህ ላይ የሕይወቱ መንገድ ይታጠፋል። በ1824 ዓ.ም. በሜትስ ትምህርት ቤት የመኪና መካኒክስ እንዲያስተምር ተጠየቀ። ልቡ በጂኦሜትሪው ነበርና እያመነታ ነው የተቀበለው፤ ወዳጁ አራጎ ገፋፍቶታል። በዚያው ጊዜ ነው ስለ ውኃ መንኰራኵር ያሰበው።

በዘመኑ ብዙው ወፍጮና የብረት መቀጥቀጫ የሚሠራው በወንዝ ነበር። ውኃ ከላይ የሚወርድበት ቦታ ካለ ጥሩ ነው፤ ሜዳ አገር ላይ ግን ውኃው የመንኰራኵሩን ጠፍጣፋ ሳንቃዎች ከበታች እየመታ ነው የሚያዞረው። ይህ ከውኃው ጕልበት ሢሶውን እንኳ ለሥራ ማዋል ያስቸግረው ነበር። የቀረው የት ይሄዳል? ሳንቃው ላይ ተጋጭቶ በመንቦጫረቅ፣ ከዚያም ገና እየሮጠ በመሄድ ይባክናል። ላዛር ካርኖ፣ ያ ስሙን ያዙልኝ ያልኳችሁ ሰው፣ ውኃ ሳይጋጭ ገብቶ ሳይፈጥን የሚወጣበት መኪና ከሁሉ ይበልጣል ብሎ አስተምሮ ነበር። እንዴት ተብሎ እንደሚሠራ ግን ለዚህ ዓይነቱ መንኰራኵር ያሳየ አልነበረም።

ፖንስሌ ጠፍጣፋውን ሳንቃ ጥሎ ጐባጣ ክንፍ አደረገለት። ሒሳቡ እነሆ፤ ውኃው በሴኮንድ 4 ሜትር ይሮጣል እንበል። የመንኰራኵሩ ዙሪያ በግማሹ፣ ማለት በሴኮንድ 2 ሜትር እንዲዞር እናድርገው። በክንፉ ላይ ተቀምጦ ለሚያይ ሰው ውኃው በ2 ሜትር ፍጥነት ይመጣል፤ የጐበጠውን ክንፍ ጫፍ ሳይጋጭ ተንሸራትቶ ይገባና ወደ ላይ ይወጣል። 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ወጥቶ ፍጥነቱ ያልቃል፤ መልሶ ይወርዳል፤ ሲወርድ ደግሞ ያንኑ 2 ሜትር ፍጥነት ወደ ኋላ ይዞ ይወጣል። ክንፉ ግን በ2 ሜትር ወደ ፊት እየሄደ ነው። ስለዚህ በወንዙ ዳር ቆሞ ለሚያይ ሰው ውኃው ፍጥነቱን ሁሉ ለመንኰራኵሩ ሰጥቶ፣ ጸጥ ብሎ ከሥሩ ይወድቃል። በወረቀት ላይ አንዳች አልባከነም። በእውነተኛው ወንዝ ላይ ሰበቃውና ሌላው ሁሉ ተቀንሶ 60 በመቶ ገደማ ለሥራ ይውል ነበር፤ ከአሮጌው እጥፍ ማለት ነው። አካዳሚው በ1825 ዓ.ም. የመካኒክስ ሽልማቱን ሰጠው። በ1826 ዓ.ም. ደግሞ ውኃ ከዙሪያው ወደ መሐሉ እየገባ የሚያዞረው ተርባይን ሐሳብ አቀረበ። ይህን መንገድ ኋላ በአሜሪካ ፍራንሲስ የተባለው መሐንዲስ ፍጹም አደረገው፤ በሕዳሴው ግድባችን ላይ ያሉት ተርባይኖች የዚሁ ዓይነት ናቸው።

ከመጀመሪያው ክርክር አንጻር እዚህ ላይ ማጭበርበር ቀላል ነበር። ጂኦሜትሪው መንኰራኵሩን ወለደ፣ እንግዲህ አፋችሁን ያዙ ብል የሚቃወመኝ ጥቂት ነው። ግን እውነት አይሆንም። ከሳራቶቭ ደብተሮች ውስጥ አንድም ቴዎረም በጐባጣው ክንፍ ላይ አልዋለም። ለመንኰራኵሩ የበቃው ማናችንም በሁለተኛ ዓመት የምንማረው መካኒክስ ነው። እኔ የሚመስለኝ ይህ ነው፤ ጥላው ላይ ምን ይጠፋል ምን ይቀራል ብሎ ሁለት ክረምት የጠየቀ ሰው፣ ውኃውንም ሲያይ መግቢያና መውጫው ላይ ምን ይጠፋል ብሎ መጠየቁ አያስደንቅም። ይህን ያነበብኩለት አንድ የሲቪል ምሕንድስና ጓደኛዬ ግን ግምት ነው ብሎ ነቅፎታል፤ እንደ ኮሺ።

ከ1827 ዓ.ም. ጀምሮ ፖንስሌ በሜትስ ማታ ማታ ለእጅ ሠራተኞች ማስተማር ያዘ። ተማሪዎቹ አናጢዎች፣ ብረት ሠራተኞች፣ መኪና አንቀሳቃሾች ነበሩ። ካልኩለስ አያውቁም። ስለዚህ ያን የከፍተኛ ሒሳብ ምልክት ሁሉ ትቶ፣ የኀይልን ሥራ በሥዕልና በስፋት እያሳየ አስረዳቸው፤ አንድ ኪሎ ግራም አንድ ሜትር ማንሣት በሚል መለኪያም አስለመዳቸው። በፊዚክስ ሥራ የሚለው ቃል ዛሬ ያለውን ትርጕም እንዲይዝ ካደረጉት ሰዎች አንዱ ፖንስሌ ነው፤ ሌላው ኮሪዮሊስ። ሒሳብን በሚገባ የሚያውቅ ሰው ያለ ሒሳብ ማስረዳት እንደሚችል፣ ያላወቀው ግን በምልክቱ ውስጥ እንደሚደበቅ በየክፍሉ አይተናል።

መካኒክሱ ሲያድግ ጂኦሜትሪው ተራበ። ዤርጎን፣ ሽታይነር፣ ፕሉከር፣ ሻል የተባሉ ሰዎች እርሱ በከፈተው በር ገብተው ሠሩ፤ ከጥቂቶቹም ጋር ይህ የእኔ ነው የአንተ ነው የሚል ክርክር ውስጥ ገባ። ማዕርጉና ክብሩ ግን አልቀረበትም። በ1834 ዓ.ም. የአካዳሚው አባል ሆነ፤ ከ1838 ዓ.ም. ጀምሮ በፓሪስ ዩኒቨርሲቲ መካኒክስ አስተማረ፤ በ1848 ዓ.ም. አብዮት ጊዜ ጄኔራል ተብሎ፣ በ1807 ዓ.ም. በፈተና የገባበትን ኤኮል ፖሊቴክኒክን ራሱን እስከ 1850 ዓ.ም. ድረስ አዘዘ። በ1851 ዓ.ም. ለንደን ላይ በተደረገው ታላቅ ትርኢት የመኪናዎች ዳኛ ነበር፤ ስለዚያም እጅግ ሰፊ ዘገባ ጽፏል።

ጡረታ ከወጣ በኋላ የእርጅና ዕድሜውን ምን ላይ እንዳዋለው ሳነብ ገረመኝ። አሮጌ ወረቀቶቹን አወጣ። በ1862 ዓ.ም.፣ የ74 ዓመት ሽማግሌ ሆኖ፣ ከግማሽ ምእተ ዓመት በፊት በቮልጋ ዳር የጻፋቸውን ሰባቱን ደብተሮች አሳተመ፤ ሁለተኛውን ጥራዝ በ1864 ዓ.ም. አወጣ። የኮሺም ነገር፣ የዤርጎንም ነገር፣ ሁሉም በማብራሪያው ውስጥ አለ። መንኰራኵሩ በየወንዙ ሲዞር አንድም ሰው የእኔ ነው ብሎ አልተከራከረውም፤ እርሱ ግን የሚያሳስበው እነዚያ ደብተሮች ነበሩ።

ዲሴምበር 22 ቀን 1867 ዓ.ም. ፓሪስ ውስጥ ሞተ። ሚስቱ በስሙ ገንዘብ አቁማ አካዳሚው ለሒሳብ ሰዎች የሚሰጠው ሽልማት እንዲኖር አደረገች። በ1889 ዓ.ም. የአይፍል ግንብ ሲሠራ፣ በመጀመሪያው ፎቅ ዙሪያ ሰባ ሁለት የሊቃውንትና የመሐንዲሶች ስም ተጻፈ። የፖንስሌ ስም አለ፤ የኮሺም አለ።